አሮጌው የቁልፍ ሰሌዳና አዲሱ ኮምፒውተር

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለትልልቅ ኮምፒውተሮች ተርሚናል የሠራው ባለ122 የቁልፍ ሰሌዳ ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው ስፕሪንግ ሲጫኑት ድንገት ይጎብጣል፤ ቁልፉ መመታቱን ጣትም ጆሮም እኩል ያውቃሉ። ችግሩ ሰሌዳው ደህና ሆኖ ሳለ ከዛሬው ኮምፒውተር ጋር መግባባት አለመቻሉ ነው። ምክንያቱንና መፍትሔውን ከዚህ ቀጥለን እንመለከታለን።

በቅድሚያ የቁልፍ ሰሌዳ ፊደል እንደማያውቅ ልብ ይሏል። ሰሌዳው የሚልከው የተነካው ቁልፍ ያለበትን ስፍራ የሚያመለክት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚለውጠው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። (በላቲን ሰሌዳ አማርኛ መጻፍ የቻልነውም በዚሁ ምክንያት ነው።) ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ በየጊዜው ተለዋውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ሰሌዳ «ኤ» የተባለው ቁልፍ ሲጫን 30፣ ሲለቀቅ ደግሞ 128 ተደምሮበት 158 ይላካል። በ1984 በመጣው ኤቲ ግን ሲጫን 28፣ ሲለቀቅ 240 እና 28 ተከታትለው ይላካሉ። የሚያስገርመው የሁለቱም መሰኪያ አንድ ዓይነት ባለ5 እግር መሆኑ ነው። ስለዚህ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ሰሌዳው ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ኤቲም ሆነ በ1987 የተከተለው ፒኤስ ቱ ባለ 5 ቮልት መስመር፣ መሬትና ሁለት የምልክት ሽቦዎች አሏቸው። አንደኛው የምልክት ሽቦ የጊዜ ምት፣ ሁለተኛው መረጃ ያመላልሳል። እያንዳንዱ ቁጥር በ11 ቢት ይጓዛል፦ አንድ የመነሻ፣ ስምንት የመረጃ፣ አንድ የስሕተት መቆጣጠሪያ፣ አንድ የመዝጊያ። ምቱን የሚያመነጨው ራሱ ሰሌዳው ሲሆን ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ10 ሺህ እስከ 16.7 ሺህ ገደማ ነው። የሁለቱ ሽቦዎች ጠባይ ለፊዚክስ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሰሌዳውም ኮምፒውተሩም ቮልቴጁን ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም። ወደ 5 ቮልት የሚመልሰው ጥቂት ኪሎ ኦም ያለው ሬዚስተር ነው። በዚህ ዘዴ ሁለቱም በአንድ ሽቦ ላይ ሳይጎዳዱ መነጋገር ይችላሉ።

በዩኤስቢ ሥርዓቱ ይገለበጣል፤ ጠያቂው ኮምፒውተሩ ነው፣ ሰሌዳው የሚመልሰው ሲጠየቅ ብቻ ነው። በገበያ ላይ የሚሸጠው ትንሹ መሰኪያ መለወጫ ሽቦ ከሽቦ ከማገናኘት በቀር የሚሠራው ሥራ ስለሌለው የሚጠቅመው ሁለቱንም ቋንቋ እንዲያውቁ ተደርገው ለተሠሩ ሰሌዳዎች ነው። ለሌሎቹ እውነተኛ አስተርጓሚ ያሻል። ለዚህም ኤቲሜጋ 32ዩ4ን የመሰለ፣ ዩኤስቢ በውስጡ የተሠራለት ማይክሮኮንትሮለር ይበቃል። ምቱን እያዳመጠ ቢቶቹን ይሰበስባል፤ ለምሳሌ የኤቲውን 28 ወደ ዩኤስቢው 4 ይለውጣል።

የተርሚናሉ ሰሌዳ ግን አንድ የተለየ አመል አለው፤ አብዛኞቹ ቁልፎቹ መለቀቃቸውን አይናገሩም። አስተርጓሚው ይህን ካላወቀ አንድ ጊዜ የተነካ ፊደል እንደተጫነ ይቀርና ገጹን ይሞላዋል። ስለሆነም ሥራ ሲጀምር 248 የተባለውን ትእዛዝ ልኮ ሁሉም ቁልፎች መለቀቃቸውን እንዲያሳውቁ ማድረግ አለበት።

በእኛ እምነት ትልቁ አደጋ ያለው ፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ነው። አንዳንዶቹ የተርሚናል ሰሌዳዎች መሰኪያ የኔትወርክ መሰኪያ ስለሚመስል በዚያ ሶኬት እንዳይሰካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሽቦ ቀለምም አይታመንም። የ5 ቮልቱ መስመርና መሬቱ ተለዋውጠው ቢገናኙ የሰሌዳው ሰርኪዩት ሊቃጠል ይችላል፤ በመሆኑም እያንዳንዱን እግር በመልቲሜትር ሳይለዩ ኃይል መስጠት አይገባም። ይህ ከተጠናቀቀ በኋላ ከላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩት 24 የተግባር ቁልፎች እንኳ ሥራ አይፈቱም፤ ከ13ኛው እስከ 24ኛው ላሉት ዩኤስቢ ከ104 እስከ 115 ያሉትን ቁጥሮች መድቦላቸዋል።