የሞት መንገድና የባሕር ሲሳይ

እኛ የባሕር ውኃ መርማሪዎች በየዕለቱ የምንቈጥረው ሕያዋንን ነው፤ በዚህ ሙያ ውስጥ በቈየሁ ቍጥር ግን፣ የውቅያኖስ ሲሳይ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በውስጡ የሚኖሩት ደቂቃን ፍጥረታት በምን ዓይነት ሞት እንደሚያልፉ አስቀድሞ ሊጠይቅ እንደሚገባው እየተረዳሁ መጥቻለሁ።

በምድር ላይ ከሚከናወነው የብርሃን አስተፃምሮ ግማሽ ያህሉን የሚፈጽሙት በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ ለዓይን የረቀቁ ፍጥረታት ናቸው። ከእነዚህ አንዷ ኤሚሊያኒያ ሀክስሌዪ የተባለችው አልጌ ስትሆን፣ ስፋቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ከሁለት መቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ራሷ በምትሠራቸው ክብ የኖራ ጋሻዎች ተሸፍና ትኖራለች። በኖርዌይ ፊዮርዶችና በእንግሊዝ ቻናል ቀኑ በሚረዝምበት ወራት በምትበዛበት ጊዜ፣ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ሚሊዮኖች ይገኛሉ፤ ባሕሩም ወተት የፈሰሰበት መስሎ ከሳተላይት ይታያል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ያ ሁሉ ሠራዊት በድንገት ይጠፋል።

የዚህ ጥፋት ምክንያት ወይ የምግብ እጦት ወይ የበላተኛ እንስሳት መብዛት ነው ሲባል ለረዥም ዘመን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኖርዌይ በርገን የሚሠሩ ጠበብት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው፣ በተፈጥሮ ውኆች ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር እስከ 250 ሚሊዮን የሚደርሱ ቫይረሶች እንዳሉ ባስታወቁ ጊዜ ግን አስተያየቱ ተለወጠ። ይህችን አልጌ የሚገድል አንድ ቫይረስ በ1999 ከፕሊመዝ አቅራቢያ ከሚገኘው ባሕር ተለይቶ ወጣ፤ በ2005 የዘረ መሉ መጽሐፍ ሲነበብም ከ407 ሺህ በላይ ፊደላት ተገኙበት፤ ከእነዚህም ውስጥ ልዩ ዓይነት ስብ የሚሠሩ ትእዛዛት ነበሩ።

ነገሩን በቤተ ሙከራ በቅርብ ማየት ይቻላል። በመብራት ሥር በተቀመጠ ብልቃጥ ውስጥ አልጌዋ በዝታ ውኃው ከደፈረሰ በኋላ፣ ጥቂት ጠብታ ቫይረስ ሲጨመርበት በማግስቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይታይም፤ በሚቀጥሉት ቀናት ግን ቀለሙ እየገረጣ፣ ድፍርሱ እየሳሳ ሄዶ፣ በብልቃጡ ጀርባ የተለጠፈው ጽሑፍ በውኃው ውስጥ አልፎ ይነበባል። ከዚያ ውኃ ጥቂቱን በስስ ማጥለያ አጥልዬ፣ ከዘረ መል ጋር የሚጣበቅ ቀለም አጠጥቼ በማይክሮስኮፕ ስመለከተው፣ በቀይ ያበሩ የነበሩት ሕዋሳት ተመናምነው፣ መስኩን እጅግ ደቃቅ የሆኑ አረንጓዴ ነጥቦች ሞልተውት አገኛለሁ።

እንግዲህ የሲሳዩ ጉዞ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። አልጌዋ በትንንሽ እንስሳት ብትበላ፣ በሰውነቷ ያከማቸችው ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ወደ ዓሣው ማዕድ ይሻገራል፤ ሳትበላ ብትሰጥም ወደ ቀላይ ይወርዳል። በቫይረስ ብትፈነዳ ግን፣ ጎተራው ተሸንቁሮ እህሉ በደጅ ሲፈስስ ለገበያ መድረሱ ቀርቶ የጉንዳን ሲሳይ እንደሚሆን ሁሉ፣ የሕዋሷ ጭማቂ በውኃው ውስጥ ተበትኖ ለባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል፤ እነርሱም ከካርቦኑ ብዙውን ተንፍሰው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመልሱት፣ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፈረሱና ብረቱ ፀሐይ በምትደርስበት ውኃ ቀርቶ ሌሎች አልጌዎችን ያለመልማል። ስቲቨን ዊልሄልምና ከርቲስ ሳትል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ በ1999 አብራርተው ጽፈውታል።

ሆኖም ቫይረስ ካርቦንን ሁልጊዜ ከላይ ያስቀራል ብሎ መደምደም አይገባም፤ በቫይረስ የታመሙ ሕዋሳት የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር አብዝተው ያወጣሉና፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ከኖራቸው ክብደት ጋር ወደ ጥልቁ የሚወርዱበት ጊዜ አለ። ከሚፈነዱትም ሕዋሳት የሚወጣው የድኝ ውሕድ ወደ ጋዝነት ተለውጦ አየር ላይ ሲደርስ ለደመና መፈጠር ይረዳል። ስለዚህ ያው አንድ ሞት፣ እንደ ውኃውና እንደ ወቅቱ ሁኔታ፣ ሲሳዩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊመራው ይችላል።

በዚህ ሙያ ለሚከተሉን ወጣቶች ደግሜ ደጋግሜ የምነግራቸው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ባሕር ውስጥ ምን ያህል አልጌ እንደ በቀለ ብቻ መዝግቦ ስለ ዓሣው ብዛትም ሆነ ስለ አየር ንብረት መናገር፣ ገቢውን ጽፎ ወጪውን እንደ መተው ያለ ሒሳብ ነው። ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ሰጠመ፣ ስንቱስ በቫይረስ ፈነዳ የሚለው ጥያቄ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋር ሊመዘገብ ይገባል፤ ባሕሩ ነገ ማንን እንደሚመግብ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነውና።