ሽጉጥ ከመግዛትዎ በፊት፦ ለልምምድ፣ ለውድድር ወይስ ለመታጠቅ?

አሜሪካ ውስጥ ጦር መሣሪያ መሸጫ ገብቶ «ጥሩ ሽጉጥ የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ደህና ሻጭ ካጋጠመው መልሶ ይጠየቃል፦ «ምን ሊያደርጉበት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ዒላማ ለመምታት የሚመረጠው፣ በሰዓት ለሚለካ ውድድር የሚመረጠውና ከልብስ ሥር ለመታጠቅ የሚመረጠው ሽጉጥ ይለያያሉ። ለውድድር የሚጠቅመው ክብደት ለታጣቂው ሸክም ነው። ለውድድር የሚመቸው ቀላል ቃታ ወገብ ላይ ሲሆን አደጋ ነው። ሦስቱንም እኩል የሚሠራ ሽጉጥ የለም፤ ስለዚህ ምርጫው ከመሣሪያው ሳይሆን ከሥራው ይጀምራል።

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ሐበሻ ደግሞ ከሁሉ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ እሱም ሕግ ነው።

ማን መግዛት ይችላል?

በፌዴራል ሕግ ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት በመርህ ደረጃ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ገዢው «4473» የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፤ ነጋዴውም ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራው ብሔራዊ የማጣሪያ ሥርዓት በኩል የኋላ ታሪኩን ያስፈትሻል። ዜጋ ብቻ ሳይሆን ግሪን ካርድ ያለውም መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መግዛት ቀርቶ መያዝም አይፈቀድለትም።

ቅጹ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው። እኛ ዘንድ ለዘመድ ጉዳይ መሮጥ የተለመደ ነውና ይህም ይታወቅ፦ ሌላ ሰው ገንዘብ ሰጥቶት «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ የፈረመ ሰው ወንጀል ሠርቷል። ተቀባዩ በራሱ መግዛት የሚችል ሰው ቢሆን እንኳ አያድነውም። ዜግነት ያልወሰደ ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ቅጣቱ በእስርና በገንዘብ ላያበቃ፣ ከአገር እስከመባረር ሊደርስ ይችላል።

ሽጉጥ የሚረከቡት በሚኖሩበት ግዛት ካለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው ገዢ አስቀድሞ ሥልጠና ወስዶና አሻራ ሰጥቶ የብቃት ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከማመልከቻው በኋላም 7 ቀን ይጠብቃል። ዲሲ ውስጥ እያንዳንዱ ሽጉጥ በከተማው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሕጎቹ ስለሚሻሻሉ ከመግዛት በፊት የግዛቱን ፖሊስ መረጃ ማየት ይገባል።

ባለ ካዝና ወይስ ሪቮልቨር?

ሽጉጦች በሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች ይከፈላሉ። ሪቮልቨር ጥይቱን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ጥይት ይጎርሳል። አሠራሩ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቃታው ከባድ ነው፣ እንደገና መሙላቱም ጊዜ ይወስዳል። ትንንሽና ቀላል ሪቮልቨሮች «ለሴት ይመቻሉ» እየተባሉ ይሸጣሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ሽጉጥ በቀለለ ቁጥር ርግጫው ይበረታል፣ ለጀማሪም ያስቸግራል።

ባለ ካዝናው ሽጉጥ በእያንዳንዱ ተኩስ ቀለሁን አስፈንጥሮ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል። ዛሬ ከገበያው አብዛኛውን የያዘው ይህ ነው። የኦስትሪያው ጋስተን ግሎክ የሠራው ግሎክ 17 በ1982 ለአገሩ ጦር ተመርጦ ፕላስቲክ አካል ያለውን ሽጉጥ ዓለም አቀፍ አደረገው። ታናሹ ግሎክ 19 እና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ የሲግ ሳወርና የሲዜድ አቻዎቹ ዛሬ በየመደብሩ መደርደሪያ ላይ አሉ። የባለ ካዝናው ዋና አደጋ መዘንጋት ነው፤ ካዝናው ከወጣም በኋላ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ካዝናውን አውጥቶ፣ ተንሸራታቹን (የላይኛውን ተንቀሳቃሽ ብረት) ስቦ፣ ውስጡን በዓይን ማየት ልማድ መሆን አለበት።

የጥይቱ መጠን

ለጀማሪ የሚበጀው 22 ካሊበር ነው። ርግጫው ትንሽ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ዋጋውም ከሌላው ጥይት ሁሉ የረከሰ ነው። ተኩስ በድግግሞሽ የሚለመድ ሙያ ስለሆነ፣ በርካሽ ጥይት ብዙ የተኮሰ ሰው በውድ ጥይት ጥቂት ከተኮሰው ይልቅ ይማራል። ሩገር ማርክ 4 እና ብራውኒንግ በክ ማርክ በዚህ መደብ ስማቸው የታወቀ ነው።

ሁሉን አቀፍ ለሚፈልግ 9 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት ባልደረቦቹ ከሞቱበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ ወደ ትልልቅ ጥይቶች ሄዶ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ግን ወደ 9 ሚሊ ተመለሰ፤ የጥይት አሠራሩ በመሻሻሉ የትልቁ ብልጫ ጠቧል፣ ተኳሾችም በ9 ሚሊ ፈጥነውና አስተካክለው ይመቱ ነበር። ለተራ ገዢም ትምህርቱ ያው ነው፤ የሚመታ ትንሽ ጥይት ከሚስት ትልቅ ጥይት ይበልጣል።

አገር ቤት ማካሮቭ የሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የማካሮቭ 9 ሚሊና በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠው 9 ሚሊ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ሁለተኛው 19 ነው፣ ስፋታቸውም በጥቂቱ ይለያያል። ጥይት የሚገዛው ሽጉጡ ላይ የተቀረጸውን ከካርቶኑ ጋር አመሳክሮ ነው።

እጅዎ ምን ይላል?

ከስምና ከዋጋ በፊት ሽጉጡ በእጅ ላይ መለካት አለበት። ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አፈሙዙን ሻጩ ወደሚያሳይዎት አቅጣጫ አድርገው ይያዙት። አፈሙዙ ከክንድዎ ጋር በቀጥታ መስመር ሲውል የጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ በደንብ ይደርሳል? እጀታውን ሳያዞሩ መድረስ ካቃተዎት ሽጉጡ ለእጅዎ ትልቅ ነው። ተንሸራታቹንስ እስከ መጨረሻው መሳብ ይችላሉ? የእጅ ጉልበት ለሚያንሰው ሰው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከ2018 ጀምሮ በቀላሉ የሚሳብ ሞዴል ያወጣው ለዚህ ነው።

ከዚያ ተከራይተው ይተኩሱ። ብዙ የተኩስ መለማመጃዎች የተለያዩ ሽጉጦችን ያከራያሉ፤ ሦስት አራቱን በአንድ ቀን የሞከረ ሰው ብዙ ምክር ከሰማው ይልቅ ያውቃል። የጆሮ መከላከያና መነጽር ግዴታ ነው። ሲጨርሱ እጅዎንና ፊትዎን ይታጠቡ፤ ከጥይቱ የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ መርዛማ ነው።

ለልምምድና ለውድድር

ለዒላማ ልምምድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከበድ፣ ረዘም ያለ ሽጉጥ ይምረጥ። ክብደቱ ርግጫውን ይውጣል፤ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም ስሕተት ቶሎ ይታያል። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ2024 ተራ መነጽር አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲተኩስ ዓለም ያየው ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ከጓደኛው ጋር የብር ሜዳሊያ ያገኘው በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ነበር። የዒላማ ስፖርት ባሩድ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል።

በአሜሪካ ተራው ሰው የሚገባባቸው ውድድሮች ግን ፍጥነትም ይለካሉ። በ1976 ሚዙሪ ውስጥ ከተመሠረተው ዓለም አቀፍ የተኩስ ማኅበር አይፕሲክ (IPSC) የወጣው የአሜሪካው ዩስፕሳ (USPSA) የተገኘውን ነጥብ ለፈጀው ሰከንድ ያካፍላል። ቀስ ብሎ በትክክል የመታም፣ ፈጥኖ የሳተም ያጣል። በ1996 የተቋቋመው አይድፓ (IDPA) ደግሞ ለታጣቂዎች የቀረበ ነው። ሽጉጡ አብዛኛውን ጊዜ ከልብስ ሥር ይመዘዛል፣ የጎደለ ነጥብ ሁሉ በሰዓቱ ላይ ሰከንድ ይጨምራል።

ለዚህ ተብለው የተሠሩ ሽጉጦች አሉ፤ ሲዜድ ሻዶው 2 ለምሳሌ ከ1.3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ጀማሪ ግን በዚህ መነሣት አይጠበቅበትም። መካከለኛ 9 ሚሊ ሽጉጥ፣ ቃታውን የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደርና ጥቂት ትርፍ ካዝናዎች ለመጀመሪያው ውድድር ይበቃሉ። ሽጉጡ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ሳያጣሩ ዕቃ መቀያየር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ለመታጠቅ

እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ የሚውል ነገር ቀጭንና ቀላል መሆን አለበት። ከ2018 ወዲህ ይህን ገበያ የለወጠው ሲግ ፒ365 ክብደቱ ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆኖ 10 ጥይት ይይዛል። ባዶውን ወደ 670 ግራም የሚመዝነው ግሎክ 19 ደግሞ ለመታጠቅም ለልምምድም የሚሆን መካከለኛ ነው። ትንሹ ለመደበቅ ይቀላል፣ ለመተኮስ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሚታጠቅ ሰው ከሌላው የበለጠ መለማመድ አለበት። የማኅደሩ ጥራትም ከሽጉጡ አያንስም። ቃታውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፣ ቅርጹን ይጠብቅ። ሽጉጥን ያለ ማኅደር ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከእስክሪብቶ ጋር መክተት ቃታውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2022 ውሳኔ ግዛቶች የመታጠቅ ፈቃድ ለመስጠት «ልዩ ምክንያት አሳይ» እንዳይሉ ከልክሏል፤ የፈቃድ ሥርዓቱን ግን አላፈረሰም። በዚህ አካባቢ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው የሚከተለው ነው። ሜሪላንድም ሆነ ዲሲ የቨርጂኒያን የመታጠቅ ፈቃድ አይቀበሉም። ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚነዳ ሰው፣ በቨርጂኒያ ፈቃዱ ሽጉጡን እንደታጠቀ ድልድዩን ከተሻገረ ሕጋዊነቱ እዚያው ያበቃል። በሁለቱም በኩል መታጠቅ የሚፈልግ ነዋሪ ላልሆኑ የሚሰጠውን ፈቃድ ለብቻው ማውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ሽጉጡን ቤት ትቶ መሄድ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መጓዝም የማይታሰብ ነው። እዚያ መሣሪያ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ሲሆን የአሜሪካ ወረቀት በዚያ ፈቃድ አይሆንም።

ቤት ውስጥ

በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት፣ ወይም ከቤተሰቡ አንዱ በከባድ ጭንቀት ውስጥ ባለበት ጊዜ ሽጉጥ ማስገባት አደጋን ማስገባት ነው። ያለው ሰው ሽጉጡን ባዶውን በብረት ሣጥን ይቆልፍ፣ ጥይቱን ለብቻው ያኑር። ቁም ሣጥን ላይና ፍራሽ ሥር የተደበቀውን ልጆች ያገኙታል። ለጭንቀት ጊዜ 988 ላይ መደወል ይቻላል። ክፉ ጊዜው እስኪያልፍ ሽጉጡን ከቤት ማውጣትም ተገቢ ነው፤ ግን ለማን ሊሰጥ እንደሚቻል ግዛቱ የሚለውን ማጣራት ያስፈልጋል።

ታዲያ የቱን?

ዒላማ መተኮስ ብቻ ለሚፈልግ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ከሆነ መከራየት ይሻላል፤ ከዘወተረ 22 ካሊበር ይግዛ። ወደ ውድድር ለሚያዘነብል መካከለኛ 9 ሚሊ ይበቃዋል። መታጠቅን የሚያስብ ደግሞ በመጨረሻ ይድረስበት። ሕጉን አውቆ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ተምሮ፣ የማይተኮስበትን ጊዜ ለይቶ ካወቀ በኋላ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ገንዘብ ለሥልጠና፣ ሁለተኛውን ለመቆለፊያ ሣጥን፣ የቀረውን ለሽጉጡ ያውሉት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚሆን ከሌለዎት ሽጉጡን የሚገዙበት ጊዜ ገና ነው።