ያረጀ ኮምፒውተር በሊኑክስ ሲነሳ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ካላገኘ በደንቡ አይጫንም። በዚህ መስፈርት በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ኮር ቱ ዱዎና የመጀመሪያዎቹ ኮር አይ 3 ሁሉ ጡረታ ወጥተዋል። ማሽኖቹ ግን ደኅና ናቸው፤ ጠባቂ ያጣው ሶፍትዌሩ ነው። ሊኑክስ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ለዓለም ያስታወቀው ይህ ሥራ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ፈቃድ አይገዛም፣ ክራክም አይፈለግለትም።

የኮምፒውተር መነሳት የዱላ ቅብብል ነው። ማብሪያው ሲጫን በመጀመሪያ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተጻፈው ባዮስ ነው። ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ይፈትሽና ከዲስኩ መጀመሪያ ላይ 512 ባይት ብቻ ያነባል። ከዚህ ውስጥ 446ቱ ባይት ለአስነሺው ኮድ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ ለሚናገረው ሠንጠረዥ የተመደቡ ናቸው። የቀሩት 2 ባይቶች የሚነሳ ነገር መኖሩን የሚያረጋግጡ ፊርማዎች ናቸው። በ446 ባይት ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀርቶ አንድ ወፍራም አንቀጽ እንኳ አይገባም። ስለዚህ ያ ትንሽ ኮድ ግረብ የሚባለውን ትልቁን አስነሺ ይጠራል። ግረብ ደግሞ የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ከርነሉንና ራም ላይ ለጊዜው የሚዘረጋ ጥቅል ይጭናል፤ ከርነሉም የዲስኩን ድራይቨር ከዚያ ጥቅል አግኝቶ ዋናውን ሲስተም ይከፍታል። አዳዲሶቹ ማሽኖች በባዮስ ፋንታ ዩኢኤፍአይ ቢጠቀሙም ርክክቡ አይቀርም።

አሮጌ ማሽን የሚያስቸግረው ከእነዚህ ርክክቦች በአንዱ ላይ ነው። የቱ ጋ እንደቆመ የለየ ባለሙያ ግማሹን ሥራ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ለምሳሌ ኤፍ 1ን ተጫን እያለ በየቀኑ የሚቆም ማሽን ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪው ያለቀችበት ነው። እሷ ስታልቅ ባዮሱ ሰዓቱንም፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳም ይረሳል። መዘዙ እዚያ ላይ አያበቃም። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን የደኅንነት ሰርተፍኬት አይቀበልም፤ ኔትወርኩ ተበላሸ ተብሎ ኬብል የሚቀየረው፣ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ ፎርማት የሚደረገው በእሷ ጦስ ነው።

ከዚያ ፍላሹ ይመጣል። የሊኑክሱን መጫኛ የያዘውን የአይኤስኦ ፋይል ፍላሽ ላይ ኮፒ ማድረግ ብቻ አያስነሳም፤ እነዚያ የመጀመሪያ ባይቶች በቦታቸው እንዲገኙ እንደ ሩፈስ ባለ ፕሮግራም መጻፍ ይኖርበታል። ባዮሱ ከፍላሽ መነሳትን የማያውቅ ከሆነ ፕሎፕ የሚባል ትንሽ አስነሺ ከሲዲ ተነስቶ ፍላሹን ይጠራለታል። ፔንቲየም ኤም የተባለው ፕሮሰሰር ያላቸው ላፕቶፖች ጉድ ለብቻው ነው። ፒኤኢ የተባለውንና ከርነሉ የሚጠይቀውን የራም አድራሻ ዘዴ ብዙዎቹ ይችሉታል፣ መቻላቸውን ግን አይናገሩም። በማስነሻው መስመር ላይ ፎርስፒኤኢ የሚል ቃል ሲጨመርላቸው ይነሳሉ።

በወለጋ ከተሞች ይህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ ያለ ኢንተርኔት ማለቅ መቻል። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ምሥራቅ ወለጋም ከገደቡ አላመለጠም። የምሥራቅ ወለጋዋ ኪራሙ ከዚያም በኋላ በግጭት ተፈትናለች። እንዲህ ባለ ቦታ በየሳምንቱ ጊጋባይት አውርድ የሚል ሲስተም ዕዳ ነው። በአንጻሩ ሊኑክስ ሚንት ከነ ቢሮ ፕሮግራሙ፣ ከነ ሊብሬኦፊስ፣ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ታይኒ ኮር የሚባለው ደግሞ ከ30 ሜጋባይት በታች ነው። ነቀምት ላይ አንዴ የወረደው አይኤስኦ በኪስ ተይዞ ኪራሙ ይደርሳል፤ እዚያም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይባዛል፣ መባዛቱም ሕጋዊ ነው። ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ብቻ አስነስቶ መሞከርም ይቻላል። በዚህ ዓይነት ማስነሳት ሳይታሰብ የሚገኝ ጥቅም አለ፤ ሾርትከት ቫይረስ ደብቋቸው ጠፉ የተባሉ የፍላሽ ፋይሎች ሊኑክስ ላይ ቁጭ ብለው ይገኛሉ። ሊኑክስ የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውምና።

ኢትዮጵያ ክፍት ምንጭ ሲስተምን በልጆች ላፕቶፕም አይታዋለች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ 5,000 ያህል አረንጓዴና ነጭ ኤክስኦ ላፕቶፖች በምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም በኩል ለትምህርት ቤቶች ታደሉ። በ433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና በ256 ሜጋባይት ራም ፌዶራ ከተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተቀዳ ሲስተም ይነሳባቸው ነበር፤ የአማርኛ ኪቦርድም ተዘጋጅቶላቸዋል። የባዮስን ቦታ የያዘው ኦፕን ፈርምዌር የተባለው ክፍት ፕሮግራም ነው። ሲስተሙ ሲበላሽ ፍላሽ ሰክቶ፣ ከስክሪኑ ጎን ያሉትን አራት የጨዋታ ቁልፎች ይዞ ማብራት ሁሉንም እንደ አዲስ ያስጽፋል። ከዚህ የቀለለ ጥገና ለቢሮ ኮምፒውተር እንኳ አልተሠራም። ይሁንና ያው ማሽን ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ከፋብሪካ ሲወጣ በፊርማ ያልተረጋገጠ ሲስተም አላስነሳም ይል ነበር፤ ሌላ ሊኑክስ የሚጭን ሰው የገንቢ ቁልፍ መለመን ነበረበት። ክፍት የተባለ ማሽን በር ዘግቶ መምጣቱ አሁንም ያስገርማል።

ቋንቋስ? ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የካቲት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. በወጣው 5ኛ እትሙ መጫኛው ላይ አማርኛን ጨመረ። የአማርኛው ምርጫ የሚገኘው ግን በግራፊክ ገጽታው ነው። የግራፊክ ካርዱ ደክሞ በጽሑፍ ገጽታ ብቻ የሚነሳ አሮጌ ማሽን በእንግሊዝኛ ይጫናል፣ ከተጫነ በኋላ ለጥቁሩ ስክሪን ጎሃ የተባለ የፊደል ቅርጽ አለለት። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን፣ ስለሚጻፍ ይህ ችግር የለበትም፤ ማንኛውም ኪቦርድ ይበቃዋል። የወራቱንና የቀናቱን ስም ለሊኑክስ ያቀበለው የአፋን ኦሮሞ ፋይል ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና ሰገሌ ኦሮሞ የተባለ አሳታሚ ስም ተጽፏል።

ቢሮ ውስጥ ነገሩ ይከብዳል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት ኮድ ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ አብሮ ካልመጣ ሊኑክስ ላይ የምልክት ክምር ነው። ለአዲስ ጽሑፍ ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም በነፃ ይሠራል። ፒችትሪ በተባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ሂሳብ ክፍል ግን ዊንዶውሱን ባይለቅ ይሻለዋል። 1 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽንም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያትማል፤ ፌስቡክን በዛሬ ብራውዘር ክፈት ሲባል ግን ይንቀራፈፋል።

ከመነሻው መታየት ያለበት ፕሮሰሰሩ ነው። ሊኑክስ የተወለደው 386 በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ቢሆንም በ2005 ዓ.ም. 386ን ከከርነሉ አስወጥቷል፤ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ደግሞ ለ32 ቢት ኮምፒውተር መጫኛ የለውም። ኮር ቱ ዱዎ 64 ቢት ስለሆነ ያልፋል። ፔንቲየም ኤምና የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየም 4 ግን ይወድቃሉ። ለእነሱ በዴቢያን 12 ላይ የተሠራው አንቲክስ 23 ባለ 32 ቢት አይኤስኦ አለው፤ 512 ሜጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይም ይነሳል።