ፎገራ፦ ውሃው ያመጣው ሩዝ፣ ሩዙ የገፋው ከብት

«ፎገራ» ሲባል «ፉገራ» ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ ቀልዱን ለዛሬ ወደ ጎን እናድርገው። የምናወራው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ሁሉ በመኪና መስኮት አይቶት ስለሚያልፈው ሰፊ ሜዳ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ባሕር ዳር ላይ የጣናን ገዳማት ያይና የፋሲልን ግንብ ለማየት ይጣደፋል። ወረታ ላይ ቢቆም እንኳ ሻይ ለመጠጣት ነው። እኛ ደግሞ «እስቲ ወረታ ላይ ውረዱ» እንላለን። ለምን? እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

ወረታ በደቡብ ጎንደር ዞን የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር በስተሰሜን 55 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ነው፤ አንዱ በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይሄዳል። መገናኛ በመሆኗ ደረቅ ወደብም አላት።

ከከተማዋ ወደ ምዕራብ እስከ ጣና ዳር ድረስ ሜዳ ነው። ሜዳውን የሠሩት ሁለት ወንዞች ናቸው፦ ርብ እና ጉማራ። ሁለቱም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ይነሱና ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በየክረምቱ ከደጋው ጠርገው ያመጡትን አፈር እዚህ ያራግፉታል። የፎገራ መሬት ጥቁር፣ ለምና ውሃ የሚይዝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሜዳው በረከትም ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ውሃ ነው።

ድሮ ፎገራ ማለት ከብት ነበር

ከሩዝ በፊት ይህን አገር ያስጠራው ከብቱ ነው። «የፎገራ ከብት» ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ፣ ቀንዱ አጭር፣ ጠባዩ ገራም። ላሟ በወተቷ፣ በሬው በጉልበቱ ይፈለጋል። ረግረጉንና ዝንቡን የለመደ በመሆኑ ሌላ ከብት የሚቸገርበት ቦታ ላይ ይኖራል።

የአኗኗር ዘይቤውም ከውሃው ጋር የተስማማ ነበር። ክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ከብቱ ከፍ ወዳለው መሬት ይነዳል። በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ ለምለሙን ሣር ሊግጥ ይመለሳል። ገበሬውም ውሃው በለቀቀው እርጥብ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ክረምቱን ግን የሜዳው ብዙ ክፍል ለእህል አይሆንም ነበር።

ከዚያ ሩዝ መጣ

በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ይህን ውሃ የተኛበት ሜዳ አዩና ሩዝ ሞከሩበት። ሙከራው የተካሄደው በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆን ሻጋ እና በአጎራባቹ ደራ ወረዳ ያለችው ጅግና ቀዳሚዎቹ ናቸው። ደርግ ወደቀ፣ ማኅበራቱም ፈረሱ። ዘሩ ግን ገበሬው እጅ ቀረ። ዛሬም ገበሬው የሚወደው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከጅግና ነው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር የሜዳውን ታሪክ ቀየረው። በክረምት «የማይረባ» ይባል የነበረው ውሃ የሚተኛበት መሬት ተፈላጊ ሆነ። ሩዙ በክረምት መግቢያ ይዘራል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ ይታጨዳል። ከዚያ በቀረው እርጥበት ጓያ ይበቅላል፤ ከርብና ከጉማራ ውሃ በፓምፕ የሚስብ ገበሬ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። አንድ ማሳ በዓመት ሁለቴ ማምረት ጀመረ ማለት ነው።

ሩዙ ማዕድ ቤትም ገብቷል። የፎገራ እናቶች ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩበታል፤ ዳቦም ጠላም ይሆናል። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ ማሽኖች ድምፅ የከተማዋ መለያ ነው። መንግሥትም በእኛ ሚሊኒየም ሰሞን ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» ብሎት ነበር። የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ወረታ ነው። ዛሬ ፎገራ በአገራችን ሩዝ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ሜዳው አይሰፋም። ሩዙ በሰፋ ቁጥር የጠበበው የግጦሽ መሬት ነው። የሩዝ ገለባ ለከብት ቀለብ ቢሆንም የድሮውን ሣር አይተካም። በዚያ ላይ ከብቱ ከሌሎች ዝርያዎች ጋር እየተዳቀለ ንጹሑ የፎገራ ዝርያ እየተመናመነ ነው። ዝርያውን ለማቆየት በባሕር ዳር አቅራቢያ ባለው የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከልና በመተከል ርቢ ጣቢያ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። አስቡት፤ በፎገራ ስም የሚጠራውን ከብት ለማትረፍ ከፎገራ ውጭ መሄድ ግድ ሆኗል።

ሁለተኛው ወፎቹ ናቸው። በሜዳው ላይ ሸሸር እና ወላላ የሚባሉ ረግረጋማ ቦታዎች አሉ። ክሬን የሚባሉት ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው በሺዎች እየሆኑ ጣና ዙሪያ ይከርማሉ፤ እነዚህ ረግረጎችም ከዋና ማረፊያዎቻቸው መካከል ናቸው። አናቷ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላት አገር በቀሏ ክሬንም እዚሁ ትታያለች። ረግረጉ ግን በእርሻ እየተገፋ፣ ውሃውም ለመስኖ እየተሳበ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ከሐይቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ የፎገራን ዳርቻ ወሮ የዓሣ አስጋሪውንም የከብት አርቢውንም ኑሮ አክብዶታል።

ሦስተኛው ጎርፍ ነው። ሩዝ ውሃ ይወዳል፤ ቤት የሚያፈርስ ጎርፍ ግን ማንም አይወድም። በ1998 ዓ.ም ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ከጉና የሚታጠበው አፈር የወንዙን ሆድ እየሞላው ውሃው በቀላሉ ከዳር ይወጣል። ርብ ላይ ግድብ ከተሠራባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ይህን ስንል ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ልጁን ያስተማረበት፣ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰበት ሩዝ ነው። «ወፍ ታያለህና እርሻህን ተው» የሚለው ሰው ለገበሬው ምን ሊሰጠው ነው? ወፍ ለማየት የመጣ እንግዳ ግን አስጎብኚ ይቀጥራል፣ ምሳ ይበላል፣ አልጋ ይይዛል። ረግረጉ እንደ ረግረግ ቆይቶ ለአካባቢው ወጣት ገቢ ካመጣ የሚጠብቀው ሰው ያገኛል። ለዚህ ነው «ወረታ ላይ ውረዱ» ያልነው።

ከወረዳችሁ ምን ታያላችሁ?

• ሜዳውን፦ ለወፎች ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው። አረንጓዴውን ሩዝ የፈለገ በነሐሴና በመስከረም ይሂድ፤ ጭቃውን ግን ይቻለው።

• አውራምባን፦ በደብረ ታቦር መንገድ ዓለም በር አካባቢ የሚገኝ፣ በፎገራ ወረዳ ያለ ማኅበረሰብ ነው። በ1964 ዓ.ም በዙምራ ኑሩ ተመሠረተ። እዚያ «የሴት ሥራ፣ የወንድ ሥራ» የሚባል ነገር የለም። የሚተዳደሩት በአብዛኛው በሽመና ነው፤ የሠሩትን ልብስ እዚያው መግዛት ትችላላችሁ።

• ዋንዛዬ ፍል ውሃን፦ ደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር። ሰው ለፈውስም ለመዝናናትም ይሄዳል።

• ጉዛራን፦ በጎንደር መንገድ እንፍራንዝ አጠገብ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን የተሠራ ነው፤ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ በዕድሜ ይበልጠዋል።

• ጋፋትን፦ ደብረ ታቦር አጠገብ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍን ያሠሩበት ቦታ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት

በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ሳትነሱ እዚያ የሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፤ የማይሆን ከሆነ ጉዞውን አቆዩት። ስትሄዱ ሰው ማሳ ውስጥ ሳታስፈቅዱ አትግቡ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም ሰውየውን ጠይቁ። ወፎቹን ለፎቶ ብላችሁ አታስነሷቸው፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርረው የመጡት ለማረፍ ነው።

ወረታ ላይ ምሳ ስትበሉ ደግሞ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ እንዳለ ጠይቁ። ያ እንጀራ የጉና አፈር፣ የርብና የጉማራ ውሃ፣ የፎገራም ገበሬ ላብ ያለበት ነው።