ለእያንዳንዱ አርሶ አደር የሚስማማ መልእክት በኮምፒውተር እንዴት ይዘጋጃል?

በሰሜን ወሎ ዞን በቆቦ አካባቢ የእርሻ ሥራ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በራያ ቆላ ሜዳ ማሽላና ጤፍ በዝናብ ሲመረት፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ሽንኩርት በመስኖ ይለማል፤ በስተምሥራቅ ያለው የዞብል ከፍታ ደግሞ የራሱ የአየር ጠባይ አለው። ስለሆነም ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር ቢላክ ለአንዱ ወቅቱን የጠበቀ፣ ለሌላው ግን የማይመለከተው ይሆናል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የየቤተሰቡን ማሳ ስለሚያውቅ ለእያንዳንዱ የሚበጀውን ይነግራል፤ አንዳንዴም በእጁ ጽፎ ይሰጣል። ይሁን እንጂ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በራያ ቆላ የደረሰ ሰብል ላይ ባረፈበት ጊዜ እንደታየው፣ ጥቂት ቀናት የዓመቱን ምርት በሚወስኑበት ወቅት ሁሉንም በአካል ማዳረስ አይቻልም።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከተዘረጉት አገልግሎቶች አንዱ በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ነው። አርሶ አደሩ ደውሎ በድምፅ ምክር ከማግኘቱም በላይ፣ በተመዘገበበት አካባቢና ሰብል መሠረት የድርቅ፣ የተባይና የሰብል በሽታ ማስጠንቀቂያ ሊላክለት ይችላል።

እንዲህ ያለ መልእክት የሚዘጋጀው በተከታታይ ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያ ስም፣ ቀበሌ፣ ሰብልና የተዘራበት ጊዜ በመዝገብ ይያዛሉ። ቀጥሎ ባለሙያዎች ምክሩን ጽፈው ለስም፣ ለቦታና ለቀን ባዶ ቦታ ይተዋሉ። የኮምፒውተር ፕሮግራሙ መዝገቡን በየተራ እያነበበ ባዶውን ይሞላል፤ «ሰብሉ ማሽላ ከሆነ ይህ ይላክ፣ ጤፍ ከሆነ ያኛው» በሚል ትእዛዝም ተገቢውን ምክር ይመርጣል። መልእክቱ ለብዙኀን ከመላኩ በፊት በጥቂት ስልኮች ይሞከራል፤ ያልደረሳቸውም ተለይተው ይመዘገባሉ።

ፕሮግራሙ ግን ማሳውን አያይም፤ የሚያውቀው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በቆቦ በሚያዝያ የተዘራ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ በዝናብ እጥረት ሲከሽፍ፣ አርሶ አደሩ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ሊዘራ ይችላል። መዝገቡ ካልታረመ በስሙ የሚደርሰው ምክር በማሳው ስለሌለ ሰብል ይሆናል። በስም የተጻፈ መልእክት ይበልጥ ስለሚታመን ስሕተቱም የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

በመሆኑም አርሶ አደሮች የሰብል ወይም የስልክ ቁጥር ለውጥ ሲኖር ለቀበሌያቸው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢያሳውቁ፣ ከማሳቸው ሁኔታ ጋር የማይስማማ ምክር ሲደርሳቸውም ከመተግበራቸው በፊት ቢጠይቁ ይመከራል። መረጃውን የሚይዙ አካላት በበኩላቸው በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የተሰበሰበውን መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ የማዋልና ደኅንነቱን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።