ያውቁ ኖሯል? ከዲጎክሲን በፊት አንድ ሙሉ ደቂቃ

የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን የሚገኘው ዲጂታሊስ ከሚባል አበባማ ተክል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ ተክሉ መድኃኒትነት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1785 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለብቃት ምዘና ፈተና የሚዘጋጁ ነርሶች ግን ይህን ይያዙ፦ ክኒኑን ከመስጠትዎ በፊት ስቴቶስኮፑን በግራ ደረት፣ 5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ አድርገው የልብ ምቱን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አያዋጣም፤ ምቱ የተዛባ ሊሆን ይችላላ! አዋቂ ታማሚ ላይ ከ60 በታች ከሆነ ሳይሰጡ ለሐኪም ያሳውቁ።

ብዙ ተፈታኝ የሚዘነጋው ፖታሲየምን ነው። ከዲጎክሲን ጋር ሊታዘዝ የሚችለው የሚያሸና መድኃኒት ላሲክስ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ የተለመደው የዲጎክሲን መጠን እንኳ ሊመርዝ ይችላል። ታማሚው ምግብ ካስጠላው፣ ካስመለሰው ወይም ነገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ከታየው መመረዝን ይጠርጥሩ።