በርኖስ ወይስ ላስቲክ? የጎጃም ደጋ የክረምት ልብስ ገበያና ስሌቱ

ክረምት ሲቃረብ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ የሚሠሩ የልብስ ነጋዴዎችን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። ይኸውም ያላቸውን ውሱን ገንዘብ በየትኛው ዕቃ ላይ ያውሉት የሚለው ነው። ከበግ ጠጉር የሚሠራው በርኖስ ዋጋው ከበድ ያለ፣ ገዢው ጥቂት፣ ዕድሜው ግን ረዥም ነው። የላስቲክ የዝናብ ልብስ በአንጻሩ ርካሽ፣ ቶሎ የሚሸጥ፣ ቶሎም የሚቀደድ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ በየቤቱ የማይጠፋው ጋቢ አለ። ለመሆኑ ለደጋው ሰው የሚያዋጣው የትኛው ነው? ለነጋዴውስ?

ጥያቄው የሚነሣው ከአካባቢው የአየር ጠባይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ከከተማዋ ወደ ስናን ወረዳ ተጉዞ ሮብ ገበያን አልፎ ወደ ጮቄ ተራራ ለሚወጣ ሰው ከፍታው ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በየ100 ሜትሩ የሙቀቱ መጠን በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ የጮቄ አናት ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ቅዝቃዜው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጋቢ በበቃ ነበር። ችግሩ ቅዝቃዜና ውሃ አብረው መምጣታቸው ነው።

ሙቀት የሚገዛው በአየር ነው

ልብስ በራሱ ሙቀት አያመነጭም። ሥራው የሰውነት ሙቀት እንዳያመልጥ በውስጡ አየር ይዞ መቆየት ነው። ጋቢ የሚያሞቀው በአራት ድርብ ስለሚሠራና በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ዝናብ ሲመታው ግን ጥጡ ውሃ ይጠጣል፣ ድርቡም ይጣበቃል፣ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወስደዋል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ያሳልፋል። ስለሆነም የረጠበ ጋቢ የለበሰ ሰው ሸክሙን ተሸክሞ ሙቀቱን አጥቷል።

ይህ ጣጣ የደጋው ገበሬ ብቻ አይደለም። በቀዝቃዛ ባሕርና ሐይቅ ውስጥ ጠልቀው የሚሠሩ ሰዎችም ልብስ ሲገዙ የሚገጥማቸው ምርጫ ያው ነው። በውጭው ገበያ ሁለት ዓይነት ልብስ ይቀርብላቸዋል። አንደኛው ኒዮፕሪን ከተባለ ስፖንጅ መሰል ጎማ የሚሠራና ውሃ የሚያስገባ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር ይህን ልብስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲያወጣ የተነሣበት ሐሳብ፣ ሙቀቱን የሚጠብቀው በጎማው ውስጥ የታመቀው አረፋ ስለሆነ ሰውየው ቢረጥብም አይጎዳም የሚል ነበር። ሁለተኛው በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ ጥብቅ ብሎ ስለሚዘጋ ውሃ ጨርሶ አያስገባም። ይሁን እንጂ ከቀጭን ጨርቅ የተሠራ ከሆነ ብቻውን አያሞቅም። ሙቀቱ የሚገኘው ከሥር ከሚለበሰው ወፍራም ልብስ ነው።

የጠላቂዎቹ ምርጫ በውሃው ቅዝቃዜና በሥራው ርዝመት ይወሰናል። ውሃው ለዘብ ያለ፣ ቆይታውም አጭር ከሆነ ዋጋው አነስተኛ የሆነውን የመጀመሪያውን ይይዛሉ። የውሃው ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ወይም ከዚያ ሲወርድ ግን ውድ ቢሆንም ውሃ የማያስገባውን ይመርጣሉ። በተጨማሪም የመጀመሪያው ልብስ ጥልቀት ሲጨምር ይከዳል። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይኛው እጥፍ ስለሚሆን አረፋው ይጨመቃል፣ የሙቀት አቅሙም ይቀንሳል።

በደጋው ገበያ ይኸው ክፍፍል

በርኖስ የሚመደበው ከመጀመሪያው ወገን ነው። የበግ ጠጉር ከክብደቱ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት በውስጡ ይዞ እንኳ የረጠበ አይመስልም። ቢርስም ጠጉሩ ጥምዝ ስለሆነ እንደ ጥጥ አይተኛም፣ ስለዚህ አየር ይዞ ይቆያል። ካፊያውም ከላዩ ይንሸራተታል። የአብነት ተማሪው ደበሎ ለብሶ ክረምቱን የሚያልፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉድለቱ ረዥም ዝናብ ከጠጣ በኋላ መክበዱና ለመድረቅ ጊዜ መፈለጉ ነው። ፀሐይ በማይታይበት የሐምሌ ሰሞን ዛሬ የራሰ በርኖስ ነገ ጠዋት ላይደርቅ ይችላል።

ላስቲክ ከሁለተኛው ወገን ነው። ውሃ ያግዳል እንጂ አያሞቅም። በእጀ ጠባብ ላይ ብቻውን የተደረበ ላስቲክ ዝናቡን ቢከለክልም ብርዱን አይመልስም። በጋቢ ላይ ሲደረብ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ጋቢው ስለማይርስ አየሩ በቦታው ይቆያል። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ላስቲክ የውስጡንም እርጥበት ስለማያስወጣ የሚያርስ ወይም የሚቆፍር ሰው በላብ ይርሳል። ቀድሞ እረኞች የሚደርቡት ከሣር የተሠራው ገሳ በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር። ውሃውን ወደታች እያፈሰሰ ከሥር አየር ያሳልፍ ነበርና።

ከዚህ አንጻር ምርጫው በሥራ ዓይነት መለየት ይኖርበታል። እረኛና የሌሊት ጥበቃ ብዙ ሳይንቀሳቀሱ ረዥም ሰዓት ውጭ ስለሚቆዩ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። በርኖስ የሚጠቅመው ለእነርሱ ነው። ለገበያ የሚመላለሰው፣ የባጃጅ ሹፌሩና የከተማው ሠራተኛ ግን ዝናቡን ለአጭር ጊዜ ብቻ መከለል ይበቃቸዋል። ለእነርሱ የሚስማማው ባላቸው ልብስ ላይ የሚደረብ ላስቲክ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርደው ደግሞ በርኖስ ሸክም እንጂ ጥቅም የለውም።

የዋጋው ስሌት

ለስሌት ያህል የአንድ በርኖስ ዋጋ የ10 ላስቲኮች ዋጋ ነው፣ ላስቲኩም አንድ ክረምት ብቻ ያገለግላል እንበል። በርኖሱ 10 ክረምት ቢቆይ ሁለቱ እኩል የወጡ ይመስላል። ነገር ግን በርኖስ ገዢው የ10 ዓመቱን ወጪ በአንድ ቀን ይከፍላል። ያንኑ ገንዘብ በግ ቢገዛበት በዓመቱ ይረባለት ነበር። ስለዚህ በርኖሱ እንዲያዋጣ ከ10 ክረምት እጅግ ማለፍ ወይም በየቀኑ መለበስ ይኖርበታል። ጋቢ ላለው ቤተሰብ በላስቲክ መሸፈኑ በአነስተኛ ወጪ የሚገኝ ሙቀት ነው።

ለነጋዴው ደግሞ ከዋጋው በላይ ወሳኙ ወቅቱ ነው። ሰኔና ሐምሌ ገበሬው ገንዘቡን በዘርና በማዳበሪያ ላይ አውሎ እጁ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ትልቅ ዋጋ ያለው ልብስ መግዛት ይከብደዋል። እህሉ ተሰብስቦና ተወቅቶ ለገበያ የሚወጣው ከኅዳር በኋላ ሲሆን ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። በሰኔ በርኖስ ያከማቸ ነጋዴ እስከ ጥር 7 ወር ገንዘቡን አስሮ ይቀመጣል። ላስቲክ ግን በሰኔ ገብቶ በነሐሴ ማለቅ አለበት። ከመስከረም የተረፈው ለከርሞ የሚያድር ዕዳ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢታዩም በአንድ ወቅት የሚወዳደሩ አይደሉም።

አቅርቦቱ የት አለ?

በአቅርቦት በኩል ሁለቱም የየራሳቸው ችግር አለባቸው። በጎጃም በሰፊው የሚረባው የዋሸራ በግ ቶሎ በማደጉና መንታ በመውለዱ ይታወቃል፤ ጠጉሩ ግን አጭር በመሆኑ ለበርኖስ አይሆንም። ረዥምና ሻካራ ጠጉር ያለው እንደ መንዝ በግ ያለው ነው። ባናና ዝተት የሚሠሩት የሰሜን ሸዋ ደጋ ሸማኔዎች የሚጠቀሙትም ይህንኑ ነው። በመሆኑም በደብረ ማርቆስ በርኖስ በብዛት ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ጠጉሩን ወይም ያለቀለትን ልብስ ከሩቅ ለማምጣት የማጓጓዣ ወጪ ማሰብ አለበት።

ከውጭ የሚገባው የዝናብ ልብስ ደግሞ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የርካሹ ላስቲክ ርካሽነትም በዚያው ልክ ተፈትኗል። ሰልባጅ ጃኬት ቢኖርም አሮጌ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ የመወረስ አደጋው ከዋጋው ጋር መታሰብ ይኖርበታል። በዚህ ላይ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲያዘጋ መታየቱ ዕቃን በመጨረሻው ሳምንት ለማስመጣት ማሰብን አደገኛ አድርጎታል።

ይህም ሆኖ ያልተያዘ ገበያ አለ። ከውጭ የሚመጣው የዝናብ ልብስ በአብዛኛው የተሰፋው በኮት ልክ ስለሆነ በጋቢ ላይ አይገባም። ገበሬው በሜትር የሚቆረጥ ላስቲክ ገዝቶ በትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው ለዚህ ነው። እንደ ገሳ ሰፊ፣ ከሥሩ ክፍት፣ ቆብ ያለውና ጋቢን የሚሸፍን ልብስ ከጥቅል ላስቲክ ወይም ከሸራ ቆርጦ መስፋት ግን ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት አቅም በላይ አይደለም። ጥሬ ዕቃውን በጥቅል ገዝቶ በበጋ ለሚያሰፋ ሰው የሰኔ ገዢ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንዲሉ፣ የክረምት ልብስ ትርፍ የሚገኘው ዝናቡ ሳይጀምር ነው።